ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ቱርቦ ሞተር አነስተኛ የዘይት ፍሳሽ

ነጋዴ ከመጋዘኑ አንድ ኩንታል ቡና ቢጎድልበት ዘበኛውንና ሚዛን ያዡን ጠርቶ ይመረምራል፤ ከገንዘብ ሣጥኑም ጥቂት ብር ቢያንስበት ሒሳቡ እስኪገጥም ድረስ መዝገቡን አይዘጋም። ዳሩ ግን ይኸው ጠንቃቃ ሰው ዕቃውን የሚያመላልስለት መኪና ከሥሩ ዘይት ሲያንጠባጥብ ባየ ጊዜ «መኪና ካረጀ ማላቡ አይቀርም» ብሎ ያልፈዋል። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ የዚህ ቸልታ ዋጋ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሊትር ዘይት ነው። ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ግን ያች ጠብታ የሞተሩን ዕድሜ፣ የጭነቱን ደኅንነት፣ አንዳንድ ጊዜም የሹፌሩን ሕይወት የምትነካ ትሆናለች።

ከቸልታው ሌላ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት አለ። ይኸውም በቱርቦው አካባቢ ዘይት በታየ ጊዜ ምክንያቱን ሳይመረምሩ «ቱርቦው ሞቷል» ብሎ አዲስ መግዛት ነው። በዚህ አኳኋን በአንዲት የመዳብ ሮንዴላ ሊድን ይችል ለነበረ መኪና እጅግ ውድ የሆነ ዕቃ ይገዛለታል፤ የፍሳሹ ምክንያት ስላልተወገደም አዲሱ ዕቃ እንደ አሮጌው ማንጠባጠቡን ይቀጥላል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ነጋዴውን መካኒክ ለማድረግ አይደለም፤ ወደ ጋራዥ በሄደ ጊዜ ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ መለዋወጫ የሚያስመጣውና የሚሸጠውም ለደንበኛው ምን ማቅረብ እንደሚገባው ለማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ለነጋዴው ስለምን አስፈላጊ ሆነ?

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መወሰኑ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ያህል የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድነት ሲታዩ ትርጉማቸው ግልጽ ነው። በእጅ ያለውን የናፍጣና የቤንዚን መኪና በአዲስ መተካት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም በብር ሲመነዘር ዋጋው ከፍ ብሏል። ስለዚህ ያለውን ጠብቆ መያዝ፣ የሚገዛውንም ለይቶ መግዛት፣ እንደ ማንኛውም የንግድ ሥራ ሁሉ የሒሳብ ጉዳይ ሆኗል።

ቱርቦ ምንድን ነው?

ቱርቦ ከሞተሩ የሚወጣው የጢስ ኃይል በከንቱ እንዳይባክን የሚያደርግ መሣሪያ ነው። አልፍሬድ ቢዩኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ነው። በአንዲት አጭር ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት ባለክንፍ መዘውሮች ይገኛሉ። አንደኛው ተርባይን ይባላል፤ ትኩሱ ጢስ እየገፋ ያሽከረክረዋል። ሁለተኛው ኮምፕረሰር ይባላል፤ በዚያው ዘንግ ኃይል እየተሽከረከረ ንጹሕ አየር ስቦ ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ሞተሩ ብዙ አየር ሲያገኝ ብዙ ነዳጅ በደንብ ያቃጥላል፤ ጉልበቱም ይጨምራል።

ይህ መሣሪያ ለደጋ አገር የተለየ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከጅቡቲ ወደብ አየር ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ቱርቦ ያለው ግን የጎደለውን አየር በአብዛኛው ያካክሳል። ሙሉ ጭነት ይዞ ከቆላ ወደ ደጋ ለሚወጣ ካሚዮን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዘይቱ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። እንዲህ ያለውን ፍጥነት ብረት ከብረት ጋር ተነካክቶ አይችለውም፤ ስለዚህ ዘንጉ የሚሽከረከረው በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነው። ይኸው ዘይት ሙቀቱንም ተሸክሞ ይወጣል። የጠቅላላው ትምህርት መሠረት በሚከተሉት ሁለት መንገዶች ላይ ስለሆነ አንባቢ ልብ ይበል።

አንደኛው መግቢያው ነው። ዘይቱ ከሞተሩ ፓምፕ በግፊት ተነሥቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ቱርቦው ሆድ ይገባል። ሁለተኛው መውጫው ነው። ዘይቱ ዘንጉን አቀዝቅዞና አለስልሶ ከጨረሰ በኋላ ግፊት ስለማይኖረው፣ እንደ አረፋ ሆኖ በገዛ ክብደቱ ብቻ፣ በሰፊ ቱቦ ቁልቁል ወደ ሞተሩ የዘይት ቋት ይወርዳል። መግቢያው ጠባብ፣ መውጫው ሰፊ መሆኑ በምክንያት ነው።

ብዙ ሰው በቱርቦው ዘንግ ላይ ዘይት የሚያግድ የላስቲክ ማኅተም ያለ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን በዘንጉ ጫፎች ያሉት የፒስተን ቀለበት የመሰሉ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው። ዘይቱን የሚያግዱትም መውጫው ክፍት ሆኖ ዘይቱ ሳይጠራቀም እስከ ወረደ ድረስ፣ በመዘውሮቹም በኩል ያለው የአየርና የጢስ ግፊት እስከ ረዳቸው ድረስ ነው። መውጫው ከተዘጋ ወይም ከጠበበ ዘይቱ በቱርቦው ሆድ ውስጥ ይከማችና በቀለበቶቹ አልፎ ወደ አየሩ ወይም ወደ ጢሱ በኩል ይወጣል። ያን ጊዜ ሰማያዊ ጢስ ይታያል፤ የአየር ቱቦውም በዘይት ይርሳል። ቱርቦው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሞተ የሚመስለው በዚህ ጊዜ ነው። ምንጣሮ ያልተደረገለት ቦይ ውሃውን ወደ ማሳው ቢለቅ ጥፋቱ የምንጩ አለመሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

የጠብታ ሒሳብ

ሃያ የዘይት ጠብታዎች በግምት አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናሉ። አንድ ሞተር በየ10 ሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቢጥል በሰዓት 360 ጠብታ፣ ማለትም 18 ሚሊ ሊትር ያጣል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጭነት ያለው ካሚዮን በአማካይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጉዞው 20 ሰዓት ይፈጃል፤ የጠፋው ዘይትም 360 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ መንገድ ላይ ተሞልቶ የሚያልፍ ነው።

ነገር ግን ያው ፍሳሽ በመንገድ ንቅናቄና በሙቀት ሰፍቶ በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቢሆን በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር፣ በ20 ሰዓት 3.6 ሊትር ይሆናል። በብዙ አነስተኛ ሞተሮች የዘይት መለኪያ ዘንግ ላይ ከላይኛው እስከ ታችኛው ምልክት ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ያህል ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ሞተር 6 ሰዓት ሳይሞላ ከታችኛው ምልክት በታች ይወርዳል። ያ ሰዓት ምናልባት በአፋር በረሃ፣ በሚሌና በገላፊ መካከል፣ ጋራዥ በሌለበት የሚደርስ ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። በመግቢያው በኩል ያለ ፍሳሽ የሚፈስሰው ሞተሩ ሲሠራና ግፊት ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን የቆመበት ግቢ በጠዋት ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ለመኪናው ጤንነት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው በየጠዋቱ የሚታየው የመለኪያ ዘንግ ነው።

ሌላው አደጋ እሳት ነው። ጭነት ይዞ ዳገት የወጣ የናፍጣ ሞተር የተርባይኑ ቤት በብዙ መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ የቤንዚኑ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የሞተር ዘይት ተን ከ200 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል እሳት ከቀረበው መንደድ ይጀምራል። ከላይ የሚንጠባጠብ ዘይት በዚህ ግለት ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ ይጨሳል፤ ከዚያም ሊነድ ይችላል። ሹፌሩ «የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል» ብሎ ሲናገር ቃሉ ሊናቅ አይገባም።

ፍሳሹ የሚፈለገው እንዴት ነው?

የመጀመሪያው ሥራ መፍታት ሳይሆን ማጠብ ነው። ዘይትና አቧራ የተጋገረበት ሞተር ፍሳሹ ከየት እንደሆነ አይናገርም። ሞተሩ ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ የአየር መግቢያው፣ ዲናሞውና የኤሌክትሪክ መያያዣዎች በላስቲክ ተሸፍነው፣ በነጭ ጋዝ ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ ማጽጃ በብሩሽ ይታጠባል፤ ከዚያም በደንብ ይደርቃል። በቤንዚን ማጠብ እሳት መጥራት ስለሆነ ፈጽሞ አይገባም። ማጽጃው ሙሉ በሙሉ ሳይተን ሞተሩን ማስነሣትም እንደዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ በሚጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ ነጭ የታልክ ዱቄት ይነሰነስና መኪናው ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ዱቄቱ ዘይት ሲነካው ወዲያው ስለሚጠቁር የፍሳሹን መነሻ በግልጽ ያሳያል። ዘይት በክብደቱ ወደ ታች፣ በነፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ ምንጩ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ ሳይሆን፣ ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀደም ብሎ የሚገኘው ነው። በዚህ ምርመራ ጊዜ በጋለው ተርባይን አጠገብ እጅ መስደድ አይገባም።

ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ቢሆን መልካም ነው። በመጀመሪያ የቴስታታው ክዳን ጋርኒሲዮን ይታያል፤ ከዚህ የሚወርድ ዘይት በቱርቦው ላይ ስለሚንጠባጠብ በቱርቦው ብዙ ጊዜ በሐሰት ያስከስሰዋል። ቀጥሎ የዘይት መግቢያ ቱቦው መጋጠሚያ፣ ከዚያ የመውጫው ጋርኒሲዮንና ጎማ ቱቦ፣ በመጨረሻም የዘይት ማጣሪያው መቀመጫ ይመረመራሉ።

ጥገናው

ሀ. የመግቢያው መጋጠሚያ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቱቦው የሚታሰረው መካከሉ ክፍት በሆነ ብሎን ሲሆን፣ ከቱቦው ራስ በላይና በታች አንዳንድ የመዳብ ሮንዴላ ይገባል። ሮንዴላው የሚያግደው ሲጠብቅ በመጠኑ ተጨፍልቆ ስለሚገጥም ነው። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ መዳብ ይጠነክራልና በተፈታ ቁጥር ሁለቱም በአዲስ ይተካሉ። አዲስ በማይገኝበት ቦታ መዳቡን ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሎ ማቀዝቀዝ ልስላሴውን ይመልስለታል፤ የአሉሚኒየም ሮንዴላ ግን ይህን አይቀበልም። ብሎኑ የሚጠብቀው ፋብሪካው በወሰነው መጠን፣ የጥብቀት መለኪያ ባለው ቁልፍ ነው። «ይንጠባጠባል» ብሎ በጉልበት መጨመር ክፍቱን ብሎን ይሰብራል ወይም ጥርሱን ይበላዋል፤ ትንሹ ጥገናም ትልቅ ይሆናል።

ለ. መውጫው። ጋርኒሲዮኑ ተፍቆ ሁለቱም ፊቶች ይጸዳሉ፤ አዲስ ደረቅ ጋርኒሲዮንም ይገባል። በዚህ ስፍራም ሆነ በመግቢያው በጋራዥ «ሲሊከን» የሚባለውን ፈሳሽ ማጣበቂያ መቀባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ወደ ውስጥ የተረፈው ተሰብሮ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል፤ ፍሳሽ ለማቆም የተቀባው ነገርም ዘንጉን በውሃ ጥም እንደ ተያዘ መንገደኛ ያደርቀዋል። ቱቦው ከተፈታ አይቀር ውስጡ እስከ ጫፉ ይታይ፤ ዘይት ተቃጥሎ የተጋገረ ከሰል ካለበት ይጠረግ፤ ከተጣመመ ይቃና፤ ጎማው ከደረቀ ወይም ከሰነጠቀ ይለወጥ፤ ፋሼታውም ይታደስ።

ሐ. የሞተሩ መተንፈሻ። በፒስተኖቹ አጠገብ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገባው ጋዝ መውጫ ያስፈልገዋል። መተንፈሻው በዝቃጭ ከተዘጋ በሆዱ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ከቱርቦው የሚወርደውን ዘይትም ወደ ላይ ይመልሰዋል። ይህን ቱቦና ሣጥን ማጽዳት ከዕቃ ይልቅ ጥቂት የሥራ ሰዓት ብቻ ይጠይቃል። መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖ ሳለ በዘይት መሙያው በኩል ጢስ በኃይል የሚወጣ ከሆነ ግን የፒስተን ቀለበቶች ማለቃቸውን ያመለክታል፤ ያን ጊዜ ቱርቦ መለወጥ መፍትሔ አይሆንም።

መ. የአየር ማጣሪያው። በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ ኮምፕረሰሩ አየር እንዲያጣ ያደርጋል፤ የተፈጠረው የመሳብ ኃይልም ዘይቱን በቀለበቱ በኩል ይጎትተዋል። በኮረኮንች መንገድ የሚሠራ መኪና ማጣሪያው በአስፋልት ላይ ከሚሠራው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት።

ሠ. የዘይቱ መጠን። «ይበዛ እንደሆነ እንጂ አይነስ» በማለት ከላይኛው ምልክት አሳልፎ መሙላትም ጉዳት አለው፤ የዘይቱ ከፍታ ወደ መውጫ ቱቦው አፍ ሲደርስ ከቱርቦው የሚወርደውን ይመልሳልና።

ቱርቦው በእርግጥ የተበላሸ እንደሆነ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ተመርምሮ ደኅና ከተገኘ በኋላ ቱርቦው ራሱ ይጠየቃል። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ የአየር ቱቦው ይነቀልና ዘንጉ በጣት ይነካል። ወደ ጎን ጥቂት መወዝወዙ የተፈጥሮው ነው፤ የሚንሳፈፍበት ዘይት በዚያ ሰዓት የለምና። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ንቅናቄው ከቶ ሊሰማ እስከማይችል ያነሰ መሆን አለበት። መዘውሩ ግድግዳውን የሚነካ፣ ክንፎቹም የተበሉ ወይም የተቆረጡ ከሆኑ ቱርቦው ይታደስ ወይም ይለወጥ እንጂ ሌላ መላ የለውም። በአየር ቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት ጤዛ መታየቱ ግን ብቻውን የሞት ምልክት አይደለም፤ ከመተንፈሻው የሚመጣ ተን በብዙ ጤነኛ ሞተሮች ላይ ይታያል።

ኩሬ ሆኖ የተጠራቀመ ዘይት ከተገኘ ግን መኪናው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መንቀሳቀስ የለበትም። የናፍጣ ሞተር በአየር ቱቦው በኩል የገባለትን ዘይት እንደ ነዳጅ ስለሚያቃጥለው፣ ቁልፍ ቢዘጋም ሳይጠፋ እየጮኸ ፍጥነቱን ሊጨምርና ራሱን ሊያጠፋ ይችላል።

ከጥገና በኋላ

ተጠግኖ የተገጠመ ቱርቦ ዘይት ሳያገኝ መሽከርከር የለበትም። ስለዚህ የመግቢያው ቱቦ ከመታሰሩ በፊት ንጹሕ የሞተር ዘይት በቱርቦው አፍ ይጨመርበታል፤ ቀጥሎም ነዳጁ ተዘግቶ የዘይት ግፊት እስኪመጣ ድረስ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል። ከተነሣ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይሠራል፤ መጋጠሚያዎቹ በመብራት ይታያሉ፤ ጠፍቶም የዘይቱ መጠን እንደገና ይለካል። ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ሌላ ምርመራ ይደረጋል።

ሹፌሩም ድርሻ አለው። ዳገት ወጥቶ የጋለ ሞተርን ወዲያው ማጥፋት በቱርቦው ሆድ የቀረውን ዘይት አቃጥሎ ከሰል ያደርገዋል፤ ከሰሉም ቀስ በቀስ መውጫውን ያጠብባል። ከማጥፋት በፊት ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በዝግታ ማሠራት ይህን ይከላከላል። የሚባክነው ናፍጣ ከሚድነው ዕቃ ጋር ሲመዛዘን ከቁጥር አይገባም።

ለአስመጪውና ለባለሱቁ

ለዚህ ጥገና ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች አብዛኞቹ ትንንሾችና ርካሾች ናቸው፤ ዳሩ ግን በመደርደሪያ ላይ ሲታጡ ትልቁን መኪና ያቆማሉ። ባለሱቁ የመዳብ ሮንዴላዎችን በውስጥና በውጭ ስፋታቸው፣ በውፍረታቸውም ለይቶ በየሣጥኑ ቢያስቀምጥ፣ በየሞተሩ ዓይነት የመግቢያና የመውጫ ጋርኒሲዮኖችንም ቢይዝ ደንበኛው ሌላ ሱቅ አይሄድም። በልኩ ያልሆነ ሮንዴላ መሸጥ ግን ፍሳሽን እንደ መሸጥ ይቆጠራል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በጎማ ቱቦው ነው። ሁሉም ጥቁር ቱቦ አንድ አይደለም። ለራዲያተር ውሃ የሚሠራው ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የተባለው ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ይላላልም። ናይትራይል የተባለው ዘይትን ይችላል፤ ሙቀትን ግን ለረጅም ጊዜ የሚችለው እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ ለቱርቦ መውጫ አይበቃም። ፍሎሮካርቦን፣ በንግድ ስሙ ቫይቶን፣ የተባለው እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ዘይትንም ሙቀትንም ይችላል። ቀለሙ የሚያምረው ተራ የሲሊኮን ቱቦ ለአየር መልካም ነው፤ ለዘይት ግን ውስጡ ለዚሁ በተሠራ ሽፋን ካልተለበጠ ዘይቱን ያሳልፋል። አስመጪው ለላኪው ድርጅት ትእዛዝ ሲጽፍ ስፋቱን ብቻ ሳይሆን የጎማውንም ዓይነትና የሚችለውን ሙቀት ቢጠቅስ፣ ዕቃው ሲደርስ ለመከራከር መሠረት ይኖረዋል።

«ፍሳሽ ያቆማል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን መድኃኒትም መመዘን ይገባል። አንዳንዱ የደረቀ ጎማን በመጠኑ ሊያለሰልስ ይችላል፤ የተጨፈለቀን መዳብ፣ የተዘጋን ቱቦ፣ ያለቀን የብረት ቀለበት ግን አያድንም። ይህን ለደንበኛው በግልጽ የሚናገር ባለሱቅ የዛሬን ጠርሙስ ቢያጣ የነገን ደንበኛ ያተርፋል።

ለባለመኪናው የሚጠቅም መዝገብ

በመጨረሻ፣ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ቢያዝ ድካሙ ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ በመለኪያ ዘንግ ላይ የታየው የዘይት መጠንና የተጨመረው ሊትር ይጻፋል። ከአንድ ወር በኋላ መኪናው በ1,000 ኪሎ ሜትር ምን ያህል ዘይት እንደሚያጣ ከደብተሩ ይታወቃል፤ ቁጥሩ ከፍ ማለት ሲጀምር ነገሩ ገና በሮንዴላና በጋርኒሲዮን ደረጃ ሳለ ይደረስበታል።

መኪናው ወደ ጋራዥ ሲላክም የሥራው ትእዛዝ «ቱርቦ ይለወጥ» ተብሎ አይጻፍ። ይልቁንም እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦

1ኛ. ሞተሩ ታጥቦ የፍሳሹ መነሻ ይፈለግ፤ ሳይፈታም ለባለቤቱ ወይም ለወኪሉ ይታይ።
2ኛ. የዘይት መግቢያው፣ መውጫው፣ መተንፈሻውና የአየር ማጣሪያው ተመርምረው የተገኘው በጽሑፍ ይገለጽ።
3ኛ. ቱርቦ መለወጥ አስፈላጊ ከሆነ ምክንያቱ በዘንጉ ላይ ከታየው ጉዳት ጋር ይጠቀስ፤ አሮጌውም ለባለቤቱ ይመለስ።
4ኛ. ከጥገናው በኋላ ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ ላይ እንደገና ይታይ።

እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚቀበል መካኒክ አይቀየምም፤ ሥራውን የሚያውቅ እንደሆነ ደስ ይለዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፣ በሽታው ሳይታወቅ የተገዛ መድኃኒትም ከብክነት አይቆጠብም። ትንሿ ጠብታ በመጀመሪያ ከየት እንደመጣች ትጠየቅ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ገንዘብ፣ ጥቂትም ሆነ ብዙ፣ በቦታው የዋለ ይሆናል።